ልጅ «ማሞቂያ» ውስጥ እያለ ጸሎቱ፣ ጸበሉ፣ ዱዓውና ክርስትናው እንዴት ይሁን? (ጅማና ዙሪያዋ)

የማታ ተረኛ
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ «ማሞቂያ ገባ» ሲባል፣ ቤተሰብ ከመድኃኒቱ እኩል የሚጠይቀው የእምነቱን ነገር ነው። በር ላይ ከጥበቃ ጋር የሚያጨቃጭቀውም እሱ ነው፦ ጸበል በሃይላንድ፣ ዘምዘም በትንሽ ጠርሙስ፣ ማተብ፣ ክታብ፣ የተጸለየበት ዘይት። «አይቻልም» ብቻ ተብሎ የተመለሰ ሰው ሌሊት በጋቢ ሥር ደብቆ ያስገባል። ስለዚህ የሚከለከለውን ከነምክንያቱ፣ የሚቻለውን ከነአደራረጉ እዚህ እናስቀምጠው። ዲያቆናትም፣ ኡስታዞችም፣ የጸሎት አገልጋዮችም አላችሁ፤ የየቤታችሁን ጨምሩበት። እኔ ነርስ ነኝና ከክፍሉ ልጀምር።

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ቀኑ ያልደረሰ ይባላል። ከ1500 ግራም በታች የሆነው ቆዳው የሽንኩርት ልጣጭ ማለት ነው፤ ሙቀቱና ውኃው በዚያ በኩል ይወጣል፣ ጀርም በዚያ በኩል ይገባል። አንጀቱም እንደ ቆዳው ስስ ነው። ከእናቱ ወተትና ሐኪም ካዘዘለት ሌላ በአፉ የሚገባ ነገር፣ አንድ ጠብታ ጸበልም ሆነ በጣት የተላሰ ቅቤ፣ የተኘከ ተምርም ሆነ ማር፣ ኢንፌክሽን ይዞ ሊገባ ይችላል። አንጀት ሲቆስል ሆድ ይነፋል፣ የሚመለሰው ወተት አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰገራው ደም ይቀላቅላል። ያኔ ምግብ ይቆማል፤ ሲብስ ቀዶ ሕክምናም አለ።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ የጸሎት ቃል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዕቃ ውጭ ይቀራል።

እጅ፦ ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ የእጅ ክር ሁሉ ይወልቃል። እስከ ክርን ድረስ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ። ሰዓት የሌለው አቡነ ዘበሰማያትን ከነሰላምታው ረጋ ብሎ ይድገም፣ ወይም ፋቲሓን በተርቲል (በዝግታ) ይቅራ፤ ያን ያህል ነው የሚፈጀው። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ እስኪደርቅ። ስልክ ከነካችሁ እንደገና ከመጀመሪያው።

ፊት መሸፈን፦ ዓይነ ጥላንና ቡዳን ፈርተው የልጁን ፊት በነጠላ የሚሸፍኑ አሉ። ነርስ የልጁን ከንፈር ማየት አለባት፤ ሲጠቁር የምታውቀው በዓይኗ ነው። ሰው እንዳያየው የምትፈሩ ከሆነ ስሙንና ኪሎውን ለጠያቂ ሁሉ አትንገሩ፤ እሱ ማንንም አይጎዳም።

አዌቱ ዳር
ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ «የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም» የሚለው ነገር እውነትነት አለው? ትልልቅ ሰዎች ይህን እያሉ ቤተሰቡን ተስፋ ያስቆርጡታል።

የማታ ተረኛ
የለውም። ማሕፀን ውስጥ የቆየች እያንዳንዷ ሳምንት ለሳንባው፣ ለአንጎሉና ለአንጀቱ ትርፍ ናት። የ33 ሳምንት ልጅ ከ29 ሳምንቱ ይሻላል። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አስተባብሮ መሥራት የሚጀምረው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በቱቦ የሚመገበው ለዚህ ነው እንጂ «ስላልታደለ» አይደለም።

ዘጅሬን
ዲያቆን ነኝ፤ በኦርቶዶክስ በኩል ያለውን ልጻፍ። ነገሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የክርስትናው ጉዳይ በመጨረሻው ደቂቃ መነሣቱ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጁ ሲደክም አባት ካህን ፍለጋ በባጃጅ ይሮጣል፣ የሚያውቀው የለም፣ በር ተዘግቷል። ልጁ ፅኑ ሕክምና በገባ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የንስሐ አባታችሁን ጥሩና ሳትቸኩሉ ተመካከሩ። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ በሪፈር የመጣ ቤተሰብ የንስሐ አባቱ ሩቅ ከሆኑ ስልካቸውን ይያዝ፤ ከጅማ አድባራት ቅርብ ያለ ካህንም ያስተዋውቃቸው።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን እንደሚጠመቁ ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ይህ ነው፦ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካለ ቀኑ አይጠበቅም። የእናት አርባና ሰማንያ አለመሙላትም ልጁን አያግደውም። የሚያጠምቀው ግን ቄስ ነው። እኔ ዲያቆኑ ሄጄ አልሠራውም፣ አያትም አትሠራውም።

ሌላው፦ ጥምቀት አትደገምም። በጭንቅ የተጠመቀ ልጅ አገግሞ ቢወጣ በአርባው ቀን «አሁን ደግሞ በደንብ እናስነሣው» አይባልም። ስለዚህ ያጠመቁት ካህን ስማቸውን፣ ደብራቸውን፣ ቀኑንና የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም አስደርገው ይስጧችሁ። ይህ ካልተያዘ ከሁለት ወር በኋላ በቤተ ክርስቲያን «ተጠምቋል፣ አልተጠመቀም» የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል።

ቀን ቆጠራ ላይም ልብ በሉ። አርባው የሚቆጠረው ከተወለደበት ዕለት ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ወንድ በአርባኛው ቀኑ ገና የ33 ሳምንት ከ5 ቀን ሰው ነው፤ ምናልባት አሁንም አልጋው ላይ ነው። ሴቷ በሰማንያኛ ቀኗ 39 ሳምንት ከ3 ቀን ይሆናታል፤ ነገሩ ከቀና ቤቷ ገብታለች። ወንዱ ደህና እየሆነ ከሆነና የሚያሰጋ ነገር ከሌለ፣ እስኪወጣ ማዘግየቱን ከካህኑና ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ኪሎ ያልሞላ ልጅ በማለዳ በጅማ ብርድ፣ ለዚያውም በክረምት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሦስት ጊዜ ሲነከር ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ከወረደ ስኳሩም ይወርዳል፣ ትንፋሹም ሊቆራረጥ ይችላል። ውኃው ለብ እንዲል ካህኑን መጠየቅ ነውር የለበትም። ደረቅ ፎጣ ሁለት፣ ኮፍያ ሁለት (አንዱ ይረጥባል) ያዙ፤ እንደተነሣ እናት ወይም ክርስትና እናት ደረት ላይ።

የማታ ተረኛ
ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በክፍሉ ውስጥ ለሚደረገው እኔ ልቀጥል፤ የካህኑን ድርሻ ለካህኑ ትቼ።

ከመምጣታቸው በፊት ለተረኛዋ ነርስ ንገሩ፤ መድኃኒት በሚሰጥበት ወይም ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ባለበት ሰዓት አይሁን። ካባው ውጭ ይቀራል፣ እጀታ ይጠቀለላል፣ ጋውን ይለበሳል። መስቀሉ ሕዝብ ሲሳለመው የዋለ ነው፤ በአልኮል ይወልወል፣ ልጁንም አይንካ፣ ከላይ ይባርክ። ውኃውን እኛ እናዘጋጃለን፦ ንጹሕ፣ ለብ ያለ፣ በትንሽ ዕቃ። ቱቦና ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ መተንፈስን የሚያግዝ መሣሪያ) ያለበትን ልጅ ከማሞቂያው ማውጣት ስለማይቻል፣ ውኃው የት እንደሚነካ ካህኑና ነርሷ አስቀድመው ይስማሙ፤ ቱቦው የተለጠፈበት ፕላስተር ከረጠበ ይላቀቃል፣ ቱቦው ይወጣል። ወዲያው ይደረቃል፣ ኮፍያ ይቀየራል። ሜሮኑም (ከጥምቀት በኋላ የሚቀባው ቅዱስ ቅባት) ፕላስተር በሌለበት ቦታ።

ቁርባኑ፦ በአፉ ምንም እንዳይወስድ የታዘዘ ልጅ ጠብታም አይወስድም። ያን ካህኑ ያውቁት፤ ጊዜውን እሳቸው ይወስናሉ።

ከሁለት ሰው በላይ አይገባም፤ ካህኑና ክርስትና አባቱ (ለሴት ክርስትና እናቷ) ከሆኑ በቂ ነው። ዕጣን የለም፣ ጧፍ የለም። ኦክስጅን በሚነፍስበት ክፍል እሳት ማለት ሌላ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፦ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሻማ እንዳታበሩ። ማሞቂያውን አትክፈቱ፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ልጁ ካንጋሮ (እናት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ መያዝ) ላይ ያለ ከሆነማ መብራት ጠፋ አልጠፋ እናቱ አትጠፋም።

ሰቃ መንገድ
ጸበል ይበክላል የሚል ነገር ከክርስቲያን አፍ ሲወጣ ይገርመኛል። ስንቱ የዳነበት ነው። እምነት ያለው ሰው አይፈራም።

ዘጅሬን
ወንድሜ፣ ማንም ጸበል አያድንም አላለም። ጸበሉን የያዘው ኮዳ ነው ጥያቄው። ከምንጩ በጀሪካን ተቀድቶ፣ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር የተቀመጠ ውኃ ነው የሚመጣው። ትልቁ ሰው ይጠጣዋል፣ ሆዱ ይችለዋል። 1100 ግራም የሆነ ልጅ አይችለውም። ቤተ ክርስቲያንም ቁርባን የሚቀበለው ሰው ሕመሙ የሚያስመልሰው ከሆነ ታቆየዋለች እኮ፤ ያ ታዲያ የቁርባንን ክብር መጠበቅ እንጂ ክህደት አይደለም።

እናትየው ትጠጣው። ከሆስፒታል ሳትርቅ፣ ንጹሑን። በቀዶ የወለደች ከሆነች ቁስሏ ሳይደርቅ መጠመቁ ይቆያት። እናት «ለልጄ ጸበል ልግባ» ብላ ሰባት ቀን ሱባኤ ከሄደች ደግሞ ወተቷ ይደርቃል። ያ ልጅ ከጸበሉም ከጡቱም ቀረ ማለት ነው። ሱባኤውን አባት ይያዝላት፣ አክስት ትያዝላት።

ማተብን በተመለከተ፦ አንገቱ ላይ አይታሰርም፤ ቱቦ ላይ ይጠመጠማል፣ ይረጥባል፣ ያንቃል። ሌላው ቢቀር በንጹሕ ላስቲክ ታሽጎ ከማሞቂያው ውጭ፣ ከካርዱ ጋር ይቀመጥለት። ሲወጣ ይታሰርለታል። የእናትየውም ማተብና መስቀል ካንጋሮ ስትይዝ ወደ ጀርባዋ ይዙር፤ የልጁን ደረት ይቧጥጣል።

ህርማታ
አሰላሙ ዐለይኩም። በእስልምና በኩል ያለውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አዛኑ፦ እንደተወለደ ወደ ማሞቂያ የተወሰደ ልጅ አዛን አልደረሰውም ብለው የሚጨነቁ አባቶች ብዙ ናቸው። ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሲገኝ ይባላል። እጅ ታጥቦ፣ በማሞቂያው መስኮት በኩል፣ በሹክሹክታ። ድምፁ ከሰው ወሬ በታች ይሁን። በቀኝ አዛን፣ በግራ ኢቃማ የሚለውን ለመፈጸም የልጁን ራስ ማዞር አያስፈልግም፤ ቱቦው ይነቀላል።

ተሕኒክ (ተምር ማላስ)፦ ይቆይ። ሲስተር የተናገረችው በቂ ነው። ዘምዘምም የተቀራበት ውኃም ለእናትየው ነው።

ሩቅያ (ለፈውስ ቁርኣን መቅራት)፦ ይቀራለት፣ ግን እፍ አይባልበት። ምራቅ ነውና። ንባቡ በራሱ ሩቅያ ነው። ጉንፋን ያለበት ኡስታዝ ደግሞ ከበር ውጭ ሆኖ ይቅራ።

ዐቂቃ (ለተወለደ ልጅ የሚታረደው)፦ ሰባተኛው ቀን ነው፣ ካልተመቸ 14ኛ ወይም 21ኛ የሚሉ አሉ፤ ከዚያም ማዘግየት ይቻላል። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ። ገንዘቡ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ ሕክምናው ይቅደም። ስም ማውጣት ግን በጉን አይጠብቅም፤ በመጀመሪያውም ቀን ይቻላል። አልጋው ላይ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ከሚጻፍ በስሙ ቢጻፍ የነርሶቹም አጠራር ይለወጣል። ፀጉር መላጨትና በፀጉሩ ክብደት ልክ የብር ማዕድን መመጽወት የሚባለው ይቆይ፤ ጭንቅላቱ ላይ ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) የሚገባበት ጊዜ አለ፣ በምላጭ የተጫረ ቆዳ ደግሞ የጀርም በር ነው። ግርዛትም በሰባተኛው ቀን አይታሰብም።

እናትየው፦ ኒፋስ (የወሊድ ደም) ላይ ናት፤ ሶላትም ጾምም የለባትም። ረመዷን ቢሆንም ትበላለች፣ በኋላ ታወጣዋለች። ዱዓና ዚክር ግን ክፍት ነው፣ ሁሌም። የኒፋስ ከፍተኛው በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) 60፣ በሐነፊ መዝሀብ 40 ቀን ነው፤ ደሙ ቀድሞ ከቆመ ቀድማ ታጥባ ትሰግዳለች፣ አርባን መጠበቅ አይደለም። በቀዶ ብትወልድም ሕጉ ያው ነው። በዚያ ላይ ሶላት ስለሌለባት ልጁን ከደረቷ ለማውረድ የምትገደድበት ሰዓት የለም። አባት ሊሰግድ ይውጣ፣ እሷ ትቀጥል። ካንጋሮ ላይ መገላለጥ ለሚያሳስባት መጋረጃ ይጠየቅ፤ ሻሿን ከላይ ደርባ ልጁ ከሥር ይሆናል።

ቦዬ
ኡስታዝ፣ አንድ የምንፈራው ጥያቄ። ክፍሉ ውስጥ ወተት የተረፋት እናት ወተት ላልመጣላት ልስጥ ትላለች። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ጎን ለጎን ናቸው። ምን ይባላል?

ህርማታ
ጡት ዝምድና ነው። በሻፊዒ አምስት ጊዜ የተለያየ መጥባት፣ በሐነፊ አንድም ጊዜ ቢሆን፣ ልጁን የሴትየዋ የጡት ልጅ ያደርገዋል፤ ከልጆቿ ጋር ወደፊት መጋባት አይችልም። ታልቦ በቱቦ ወይም በአፍንጫ መሰጠቱ ነገሩን እንደማይለውጠው አብዛኞቹ ዑለማ ይናገራሉ። ሐራም ነው ማለቴ አይደለም። ግን ማን ለማን እንደሰጠች ይጻፍ፦ የሁለቱም እናቶች ሙሉ ስም፣ ሰፈር፣ ስንት ጊዜ። ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚፈለግ ወረቀት ነው። የማና ልጅና የቀርሳ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው እንጋባ የሚሉበት ጊዜ ይመጣል።

የማታ ተረኛ
በሕክምናም በኩል በራሳችሁ አትለዋወጡ። ኤችአይቪና ሌላም በሽታ በወተት ይተላለፋል፤ ሐኪም ሳያውቅ የሚሆን ነገር አይደለም። ወተት «አልመጣም» የምትለዋ እናት ብዙ ጊዜ ዘግይታ የጀመረች ናት። በወለደች በመጀመሪያዋ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ በእጅ ማለብ ትጀምር፣ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ቢያንስ አንዷ ሌሊት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር ጠብታ ነው፤ «ይህማ ምን ይሆናል» ብላ እንዳትደፋው። ልጁም የሚፈልገው በአንድ ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊ ነው። በፈላ ውኃ በተቀቀለ፣ ክዳን ባለው ኩባያ፣ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ተጽፎበት። ፍሪጅ ከሌለ 4 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ አይቆይም።

አራስ አትጾምም፣ በኦርቶዶክሱም። «ልጄ ታሞ እንዴት ወተት እጠጣለሁ» ብላ በባዶ ሆዷ ጾም የምትይዝ እናት አለች። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሾርባውን አምጡላት፤ ጾሙን ሌላው ቤተሰብ ይከፋፈለው።

ካንጋሮው ደግሞ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ከተወለደ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል፤ በመሣሪያ የሚተነፍስና ሾክ ውስጥ ያለ (የደም ዝውውሩ በጣም የተዳከመ) ልጅ ሲቀር። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ። በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ፣ ራሱ ወደ አንድ ጎን፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሳይወድቅ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት። በነጠላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከአንድ ሰዓት በታች አይሁን፤ ማውጣትና ማስገባቱ ራሱ ያደክመዋል። ቅቤ ፀጉሯ ላይ፣ ሽቶና የዕጣን ጭስ ልብሷ ላይ አይኑር። መዝሙሩን፣ ነሺዳውን በስልክ ማሞቂያው ውስጥ ከመክፈት እዚህ ደረቷ ላይ ሆና በአፏ ታንጎራጉርለት። ማሞቂያው እንደ በርሜል ድምፅ ያስተጋባል፤ ክፍሉ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ነው የሚመከረው፣ ማለትም ቀስ ያለ ወሬ። አባትም ካንጋሮ መያዝ ይችላል፤ ደረት ፀጉር አይከለክለውም፣ ይህን ስንት ጊዜ ተጠየቅን።

ጊንጆ
እኔ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት አገልጋይ ነኝ። በእኛ በኩል ችግሩ ዕቃ ሳይሆን ድምፅና ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት ሰው ሆኖ መጥቶ በር ላይ በአንድ ድምፅ መጮህ። ጸሎቱ ከግቢው ውጭ ይሁን፤ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከወላጅ ጋር በቂ ነው። እጅ መጫን ካስፈለገ በማሞቂያው ላይ እንጂ በልጁ ላይ አይሁን፤ ቀኑ ያልደረሰ ልጅ ሲደባበስ ኦክስጅኑ ይወርዳል። መዳፍ ሳያንቀሳቅሱ ረጋ ብሎ ማሳረፍ እናትና አባት ብቻ፣ ነርስ ካሳየች በኋላ። ዘይት ደግሞ ለእናትየው ግንባር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ፈውሱን በእምነት ተቀብለናል፣ ይውጣ» የሚለው ነው። ልጁ ለሁለት ቀን ደህና ሲሆን ይመጣል። ቀኑ ያልደረሰ ልጅ ትንፋሹን ረስቶ ለ20 ሴኮንድ የሚያቆምበት ሁኔታ አለ፤ ቀን ሙሉ ደህና ውሎ ሌሊት ያቆማል። ቤት ውስጥ ማን ያየዋል? የተፈወሰ ልጅ ማሞቂያ ውስጥ ተቀምጦም የተፈወሰ ነው። ምስክርነቱም ቢሆን ሲወጣ ይነገራል፤ አገልጋይ ከመድረክ ሆኖ «ማሽኑን አንሡት» ካለ ተጠያቂነቱ በእሱ ላይ መሆኑን በግልጽ እንናገር።

ራውንድ
እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞች የምናበላሸው ነገር አለ፤ ልናገረው። ወላጅ «ልጄ እንዴት ነው?» ሲል «ወደ ላይ ጸልዩ» ወይም «ፈጣሪ ያውቃል» እንላለን። ተናጋሪው የዕለት ቋንቋ ነው የመሰለው። ሰሚው ግን «አበቃለት» ብሎ ነው የሚሰማው፤ ወጥቶ ዕድር ይጠራል። ወይም በተቃራኒው፣ በእርግጥ ልጁ እየከፋ ሆኖ «ጸልዩ» ሲባል አማኙ ቤተሰብ እንደ ተስፋ ይይዘዋል። ስለዚህ ቃሉን ስትሰሙ «አሜን» በሉና ቁጥር ጠይቁ። አምስት ጥያቄ፦

ክብደቱ ዛሬ ስንት፣ ትናንት ስንት? (በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሥር በመቶ፣ በጣም ትንሹ ላይ እስከ 15 በመቶ መቀነስ የሚጠበቅ ነው፤ በ10 እና በ14 ቀን መካከል የልደት ክብደቱን ይመልሳል። ከዚያ በኪሎ በቀን 15 ግራም ገደማ፤ ለ1200 ግራሙ 18 ግራም ማለት ነው።)

ወተቱ በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ደረሰ፣ ይመልሳል? (1200 ግራም የሆነ ልጅ ሙሉ ምግብ ላይ ሲደርስ በየ3 ሰዓቱ ከ22 እስከ 24 ሚሊ አካባቢ ይወስዳል።)

ኦክስጅኑ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ጊዜ ትንፋሽ አቆመ? ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ውስጥ ነው?

የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይናገርም፤ ሦስት ቀን ጻፉና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ጸሎታችሁም መልክ ያገኛል፤ «ዛሬ ወተቱን አይመልስብን» ብሎ መጸለይ ይቻላል።

አንድ አደራ፦ ሲፓፕ ላይ ያለው ጠርሙስ ውኃው ሲፍለቀለቅ ጥሩ ነው፤ ፍልቅልቁ ሲቆም የሆነ ቦታ አየር ያፈስሳል ማለት ነውና ነርስ ጥሩ። የኦክስጅኑን ቁልፍ ግን አትንኩ። «ትንሽ ልጨምርለት፣ ይርዳው» ብሎ ከፍ የሚያደርግ ዘመድ አለ። ኦክስጅን የሚሰጠው ቀኑ ያልደረሰ ልጅ የደሙ ኦክስጅን መሣሪያው ላይ ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ነው የምንፈልገው፤ 100 ላይ ሲቆይ የዓይኑ ደም ሥር ይበላሻል። በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ገደማ የዓይን ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ፣ ከመውጣቱም በፊት ቀጠሮውን ያዙ።

አዌቱ ዳር
ስለ ጠያቂ አንድ ነገር። አራስ ጠያቂ መጥቶ ልጁ ሆስፒታል መሆኑን ሲሰማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለቱን ይውጠዋል። ለሐዘንተኛ እንደሚደረግ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ወልዳለች እኮ! ይባልላት። «ገና ትወልጃለሽ» ደግሞ አይባል፤ ያለውን ልጅ መቅበር ነው።

የማታ ተረኛ
ትክክል። ጠያቂ ጠቃሚ መሆን ከፈለገ ምግብ ያምጣላት፣ ልብስ ያጥብላት፣ ትልልቆቹን ልጆች ይያዝላት። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከቡኖ በደሌ በሪፈር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትመጣ እናት ዘመድ የላትም፤ የሰንበት ማኅበርም ሆነ የመስጂድ ጀመዓ ሊጠይቅ ሲመጣ እሷን ይጨምር።

ቦዬ
ከባዱን ልጠይቅ፤ ካልተሳካስ?

ህርማታ
በሕይወት ተወልዶ፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ድምፅ ካሰማ ወይም ከተንቀሳቀሰ፣ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ በስሙ ይቀበራል። ትንሽ ነው ተብሎ በጓሮ አይቀበርም። መቅበር ይፈጥናልና ወረቀቱ እንዳይዘገይ አባት መታወቂያውን ከእጁ አይለይ።

ዘጅሬን
በእኛም የተጠመቀ ልጅ ፍትሐት አለው፤ ያን ወረቀት ያልኳችሁ አንድም ለዚህ ነው። እናትየው ሳታየው አይቀበር። «እንዳትደነግጥ» ብለው ሰውረው የሚወስዱ ዘመዶች አሉ፤ ዓመት ሙሉ «በእውነት ሞቷል?» እያለች ትጠይቃለች። ትቀፈው፣ ትሳመው፣ ክርስትና ስሙን ትጥራው። ከዚያ ጡቷ ይሞላል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ያማታል። አለማለብ፣ ጠበቅ ያለ ጡት መያዣና ቀዝቃዛ ጨርቅ። ትኩሳት ካመጣ ሐኪም።

ሰቃ መንገድ
ስለ ጸበሉ ያልኩትን ይቅር በሉኝ፣ ምክንያቱ ሲነገር ሌላ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው «ልጁን አቅፈን እንመጣለን» ያሉ ሰዎች አሉ። ልጁ በነሐሴ ተወልዶ በጥቅምት ከወጣ ለታኅሣሥ 19 ይደርሳል?

ዘጅሬን
ስእለቱ ለዚህ ዓመት ተብሎ ካልተወሰነ ለሚቀጥለው ይደር። ተወስኖም ከሆነ የንስሐ አባት አለ፤ አባት ስእለቱን ይዞ ይሂድ፣ ልጁ ይቆይ።

የማታ ተረኛ
ታኅሣሥ ላይ በተወለደበት አራት ወሩ ይባላል እንጂ፣ በ28 ሳምንት ከተወለደ ያን 12 ሳምንት ስትቀንሱለት የአንድ ወር ልጅ ነው። ከጅማ ቁልቢ ከሁለት ቀን ያላነሰ መንገድ፣ የሚያስል ሕዝብ መካከል። ሌላው የቁልቢ ንግሥ፣ ሐምሌ 19ም፣ ክረምቱ ነው። የዓመቱን ታኅሣሥ ጠብቁ፤ ክትባቱንም በተወለደበት ቀን እንጂ በተስተካከለው ዕድሜ አትቁጠሩ፣ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።